ዕድራችን ሃይላንድ ከለከለ

ባለፈው ክረምት ሰፈራችን አንዲት እናት አርፈው ሰልስታቸው እስኪወጣ ድረስ ሶስት ቀን ድንኳን ስር ነበርን። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ ማን ምን እንደሚያወራ አይሰማም፣ ንፍሮ ይዞራል፣ ቡና ይዞራል፣ ከዛ ሃይላንድ ይዞራል። ሃይላንድ ስል ያው ሁላችንም እንደምንለው ነው፣ ብራንዱ ምንም ይሁን ምን የታሸገ ውሃ በሙሉ ሃይላንድ ነው። ሰው እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ተነስቶ ሲሄድ ወንበሩ ስር የሚተወውን ማየት ነው እንግዲህ፣ አንድ ጉንጭ ተጠጥቶለት የተተወ አለ፣ ግማሽ ላይ የቆመ አለ፣ ክዳኑ ጭራሽ ያልተከፈተም አለ፣ የራሱን ከሌላው ሰው መለየት ሲያቅተው አዲስ የሚከፍት ደግሞ ሞልቷል (እኔንም ጨምሮ፣ አልዋሽም)።

በሶስተኛው ቀን ማታ እኛ ወጣቶቹ ድንኳን ስናፈርስ (ወጣት የምባለው በዕድር ሂሳብ ነው እንጂ አርባ ልደፍን ነው) ሃይላንዱ ብቻ ሶስት ማዳበሪያ ሞላ። ቁራሌው ደግሞ ውሃ ያለበት አይገዛም፣ ስለዚህ መጀመሪያ መድፋት ነበረብን። እስቲ አስቡት፣ ዝናብ ላያችን ላይ እየወረደ እኛ ቆመን ንጹህ ውሃ መሬት ላይ እናፈሳለን፣ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር። የዕድራችን ሊቀመንበር፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ዳኛ ነው ሚላቸው፣ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱና አምፖሉ ጋ አስጠግተው አዩት። "ይሄ የማነው?" አሉ። ማን ይመልሳል። "ሬሳ እንኳ ባለቤት አለው" አሉና ማዳበሪያው ውስጥ ወረወሩት።

እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን አጀንዳ ይዘው ነው ለካ ወደ ቤታቸው የገቡት።

ሰፈራችን ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ነው፣ ከቤታችን በር እስከ ወንዙ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ቆሻሻውን ጠርጎ ሲወስደው "ጸዳልን" እንል ነበር። የት እንደወሰደው የጠየቀ የለም። ግንፍሌ ቀበና ይገባል፣ ቀበና አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ጋ ያለውን ጥሎ የተረፈውን ይዞ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ቆቃን አልፎ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዛው ያልቃል። ባህር አይደርስም! ኢንተርኔት ላይ ስለ ፕላስቲክ ሲወራ ሁሌ ኤሊና ዓሣ ነባሪ ነው የሚያሳዩን፣ የኛ ፌስታል ኤሊ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለውም እኮ፣ ሀገሩን ጥሎ አይሄድም። የኛ ኤሊ ላሟ ናት፣ ቄራ የሚሰሩ የእንስሳት ሐኪሞችን ብትጠይቁ የከብት ሆድ ሲከፈት ፌስታል ማግኘት ብርቅ አይደለም ይሏችኋል። አቃቂ ዳርዳሩን በዛው ወንዝ ውሃ የሚለማውን ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ተመልሶ ከተማ ገብቶ የምንበላው እኛ ነን። ጎመን በጤና ብሎ የተረተ ሰው አቃቂን አላየም።

ለማንኛውም። በወሩ የመጨረሻ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የዕድር ስብሰባ ነበር። መዋጮ ተከፈለ፣ ያልከፈሉ ስም ተጠራ፣ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን፣ ከዛ ጋሽ ዳኛ ተነሱና "ከዛሬ ጀምሮ ዕድሩ ባለበት ድንኳን ሃይላንድ አይገባም" አሉ። እንዲሁ። መግቢያ የለ ምን የለ።

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዷ ጎረቤታችን ብድግ ብላ "እንዴ ጋሽ ዳኛ፣ ነገ እናቴ ብታርፍ ለቅሶ የመጣልኝን ሰው የቧንቧ ውሃ ላጠጣው ነው? ምን ይለኛል ሰው?" አለች። ሌላው አተት ቢገባብንስ አለ፣ ትክክል ነው፣ ክረምት ነበር። ባንክ የሚሰራው ልጅ ደግሞ ለሟች ቤተሰብ ሃይላንድ ማምጣት እኮ አሁን ባህል ሆኗል፣ ሰው ባዶ እጁን መምጣት ይከብደዋል፣ አንድ ሁለት ፓክ ይዞ ይመጣል አለ። ይሄኛው እኔንም አሳሰበኝ ምክንያቱም እኔ ራሴ ሁሌ ይዤ የምሄደው እሱኑ ነው፣ ሱቅ ጎራ ብዬ ፓኩን በጥፍሬ አንጠልጥዬ ስገባ የሆነ ነገር ያደረግኩ ይመስለኛል።

ጋሽ ዳኛ ሁሉንም እስኪጨርሱ ጠበቁ። ከዛ ለመጀመሪያዋ "እናትሽ እኮ ይሄን ዕድር ሃያ ዓመት በብርጭቆ ነው ያስተናገዱት፣ ማን ምን አላቸው?" አሏት። ከዛ ዕቃ ቤቱን አስከፈቱ። እውነቴን ነው፣ ስብሰባው መሃል። ልጆች ሳጥኑን ተሸክመው መጡ፣ አንድ በአንድ ወጣ፣ መዝገብ ላይ ያለው 240 ብርጭቆ ነው፣ እያንዳንዱ ቂጡ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለው። ይሄን ነጥብ ልጅ ሆኜ አስታውሰዋለሁ፣ ከሌላ ዕድር ዕቃ እንዳይቀላቀል ነው። ሰሃኖቹም ጀርባቸው ላይ የዕድሩ ስም በቀለም ተጽፎባቸዋል፣ ትሪው፣ ጀበናው፣ አግዳሚው ሁሉ ምልክት አለው። ይሄ ሁሉ ንብረት ጋዜጣ ተጠቅልሎ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ እኛ ከውጪ የሚጣል ዕቃ እንገዛለን።

እዚጋ ቆም ልበል። ዜሮ ዌስት (ምንም የሚጣል ቆሻሻ አለማስቀረት) ምናምን ሲባል ሰዉ ከውጪ የመጣ ፋሽን ይመስለዋል፣ መስታወት ማሰሮና የቀርከሃ የጥርስ ብሩሽ። እኛ እኮ ከሱ ያን ያህል አልራቅንም ነበር። እናቴ ገበያ በዘምቢል ነው የምትሄደው፣ ዘይት በጠርሙስ ነው ሱቅ የምንላከው፣ ቢራና ለስላሳ ደግሞ ባዶ ጠርሙስ ካልወሰድክ ማስያዣ ትከፍላለህ፣ ስትመልስ ብርህን ትወስዳለህ። ሌላው ዓለም በስብሰባ ብዛት አዲስ ግኝት አድርጎ የሚያወራለት ጠርሙስን በማስያዣ መመለስ የሚባለው ነገር ባለሱቁ ጋ በእስክሪፕቶ ደብተር ላይ ይሰራ ነበር፣ ለቢራ ዛሬም ይሰራል። ያረጀ ዕቃ ለልዋጭ ይሰጣል፣ ቁራሌው የቀረውን ይወስዳል፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ደግሞ ከቆርቆሮና ከጎማ የማይሰራ ነገር የለም። ድህነት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ ድህነትም አለበት። ግን ሃይላንዱ የመጣው ስለበለጸግን አይደለም፣ ክብር መስሎ ነው የገባው። እንግዳን ያልታሸገ ውሃ ማጠጣት ነውር ሆነ፣ በቃ። ነውር ደግሞ በአዋጅ አይቀየርም፣ እንደ ጋሽ ዳኛ ያለ ሰው ተነስቶ እኔ ልዋረድ ካላለ በስተቀር።

ስለ አዋጅ ካነሳን አይቀር፣ ፌስታል እኮ የተከለከለው አሁን አይደለም። በ1999 የወጣው አዋጅ 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረት እንዳይገባ ይላል። ማነው ጉሊት ላይ ፌስታል በሚሊሜትር የሚለካው? አስራ ምናምን ዓመት እንደዛው ኖርን። በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዲሱ ግን ሚሊሜትር የለውም፣ ፌስታል ከተባለ ፌስታል ነው፣ ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ሩዋንዳ በአውሮፓ 2008 ጀምራዋለች፣ ኪጋሊ ኤርፖርት ስትገባ ሻንጣህ ውስጥ ያለውን ፌስታል ይቀበሉሃል፣ ኬንያ ደግሞ በአውሮፓ 2017 እስር ድረስ ያለው ሕግ አወጣች። እኛ ሰፈር ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ፌስታሉ ጠፋና ጨርቅ የሚመስል ከረጢት መጣ፣ ደስ ብሎኝ ስድስት ሰባት ሰበሰብኩ፣ አንድ ቀን ግን ጫፉን በክብሪት ብነካው ጨርቅ አይደለም ቀልጦ ተንጠባጠበ። ፕላስቲክ ነው ለካ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ልብስ ለብሶ የመጣ ፌስታል በሉት። ደጋግሞ ከተያዘ ጥሩ ነው እሺ፣ ግን ሰዉ እንደ ፌስታል አንዴ ተጠቅሞ ነው የሚጥለው። እዚሁ አዲስ አበባ መስማት የተሳናቸው ሴቶች የወረቀት ከረጢት የሚሰሩበት ተኪ የሚባል ድርጅት አለ፣ ስሙ ራሱ ስራውን ይናገራል፣ ለደረቅ ዕቃ እንደሱ ያለው ይሻላል። ለእርጥቡ ዕቃ የእናቴ ዘምቢል ምን አለው።

ወደ ስብሰባው ልመለስ ምክንያቱም ዋናው ነገር ገና አልተነሳም። ሁሉም እሺ ወደማለቱ ሲጠጋ ከኋላ አንዲት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስራ የምትፈልግ፣ እጇን አወጣችና "ብርጭቆውን ማን ሊያጥብ ነው?" አለች።

ጸጥ።

ያው ሴቶቹ ናቸዋ። ሃይላንድ ሲመጣ በጣም ደስ ያላቸው ለምን እንደሆነ የዛን ቀን ነው የገባኝ፣ ክብር ምናምን የምንለው እኛ ነን፣ እነሱን ሶስት ቀን ሙሉ ሳፋ ላይ ከመጎንበስ ነው ያወጣቸው። ስለ ፕላስቲክ የሚያወራ ሰው ይሄን ጥያቄ ካልመለሰ ምንም አላለም ብዬ አስባለሁ፣ ፕላስቲኩን ስናስቀር ስራው ማን ላይ ይወድቃል? ጋሽ ዳኛ ዝም ብለው ቆዩና "ወንዶች በተራ ያጥባሉ" አሉ፣ ከዛ ጉርምርምታው ሲነሳ "የመጀመሪያው ተራ የኔ ነው" ብለው ዘጉት። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ውሃው በትልቁ ባለ ቧንቧ በርሜል እንዲቀርብ፣ ውሃ አጋር እንዲጨመርበት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ማንም እንዳይቀዳ፣ ፓክ ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ በእሱ ፈንታ ስኳር ወይ ቡና እንዲያመጣ ጥሩምባ ነፊው ሲለፍፍ አብሮ እንዲናገር።

እኔ በዚህ ሁሉ ተነሳስቼ አክቲቪስት ልሆን ምንም አልቀረኝም። በዛው ሰሞን በፕላስቲክ ብክለት ላይ አንድ ዎርክሾፕ ተጋብዤ ሄድኩ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሆቴል ነው። እያንዳንዱ ወንበር ፊት ለፊት ሁለት ሁለት ሃይላንድ፣ ከረሜላው በላስቲክ፣ ባጁ ፕላስቲክ፣ ባነሩ ፕላስቲክ፣ ሰርተፍኬቱ በፕላስቲክ ፎልደር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለቱንም ሃይላንድ ቦርሳው ውስጥ ሲከት አየሁት፣ እኔ ከሱ አልሻልም፣ የኔን ከፍቼ ጠጣሁት። እዛ የሰማሁት ጥሩ ነገር የለም አልልም። በ2014 ናይሮቢ ላይ ሀገራት ፕላስቲክን የሚገዛ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለማዘጋጀት ተስማምተው እንደነበር፣ ከዛ ስብሰባ በስብሰባ ሆኖ ነሐሴ 2017 ጄኔቭ ላይ ያለ ስምምነት እንደተበተኑ፣ ጭቅጭቁ ደግሞ ከሥሩ እንቀንስ፣ ማለትም ፕላስቲክ የሚመረተው ራሱ ይቀንስ በሚሉና አይ ቆሻሻውን ብቻ በደንብ እንያዝ በሚሉ፣ በተለይ ነዳጅ ሻጭ በሆኑ ሀገራት መሃል እንደሆነ ነገሩን። እኛ ዕድር ግን አንድ እሁድ ነው የፈጀብን ብዬ በልቤ ኮራሁ፣ ነዳጅ የሚሸጥ የዕድር አባል ስለሌለን ነው መሰለኝ።

የአንድ ሰውዬ ታሪክ ግን ልቤን ነካው። ጣሊያን ውስጥ ካፓኖሪ የምትባል ትንሽ ከተማ የሚያስተምር ሮሳኖ ኤርኮሊኒ የሚባል የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የቆሻሻ ማቃጠያ ሊተከል ነው ሲባል ይነሳና ቤት ለቤት እየሄደ ሰዉን ያሰባስባል፣ ማቃጠያው ይቀራል። ግን እዛ አላቆመም፣ እሺ ካልተቃጠለ ምን ይሁን የሚለውንም ጥያቄ ወሰደው፣ ከተማዋ በ2007 (በነሱ) ከጣሊያን የመጀመሪያዋ ዜሮ ዌስት ብላ ያወጀች ሆነች፣ እሱ በ2013 ጎልድማን የሚባለውን የአካባቢ ሽልማት አገኘ። ሚገርመው ምን መሰላችሁ፣ ሁሉን ለይተው ሁሉን ሰብስበው በመጨረሻ የተረፈችውን ቆሻሻ ዘርግተው ሲያጠኑ ምን አገኙ? የቡና ካፕሱል! አንድ ስኒ ቡና ለማፍላት የሚጣል ፕላስቲክ። ከዛ ለቡና ኩባንያዎቹ ምን አስባችኋል ብለው ጻፉላቸው። እኔ እዚጋ ሳቄ መጣ፣ ጀበና ስንት ዓመት ነው የሚያገለግለው? ካልተሰበረ እኮ ይወረሳል።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ ካሚካትሱ የምትባል መንደር አለች፣ ሰዉ ቆሻሻውን ከ40 በላይ ቦታ ለይቶ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ ያስቀምጣል። ከ40 በላይ! እኛ ግቢ ሁለት ቦታ መለየት አቅቶን እኮ ነው።

ሁለት ቦታ ስል፣ እሱን ያስተማረችኝ ዎርክሾፑ አይደለም፣ በሳምንት ሁለቴ በጋሪ የምትመጣው የጽዳት ማኅበሯ ልጅ ናት። "ቆሻሻ!" ብላ ስትጣራ ሁላችንም ያሰርነውን ወርውረን ነው የምንመለሰው፣ አንድ ቀን ግን ስራ ስላልነበረኝ በር ላይ ቆሜ አየኋት፣ ጋሪዋን ጥግ አስይዛ የኛን ፌስታል ትፈታለች። ትናንት የተረፈ ሽሮ፣ ዳይፐር፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ መሃሉ ላይ አራት ሃይላንድ። ሃይላንዱ ሽሮ ጠጥቷል። "ጋሼ፣ ይሄን ብቻ ለብቻ ብታስቀምጡልኝ" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። ስጠይቃት ነው ያስረዳችኝ፣ የቆሸሸ ሃይላንድ ዋጋው ይወድቃል፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከግማሽ ሊትሩ ሰባ ሰማንያ ይፈልጋል፣ ዳይፐር የነካው ጭራሽ አይሸጥም፣ እሷም በእጇ ነው የምትለየው። ከዛ ሳፋ አስመጣችኝ። ክዳን ነቅላ ጣለችበት፣ ተንሳፈፈ። ከጠርሙሱ ቁራጭ ቆርጣ ጣለችበት፣ ሰመጠ። "ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ነው፣ ፋብሪካም እንዲህ ነው የሚለየው" አለች። ዎርክሾፕ ላይ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ይሄን የነገረኝ የለም። ፌስታሉንስ ብላት "እሱ ማንም አይገዛም" አለች። አሁን እዚህ ከተማ ኩቢክ የሚባል፣ ቅዱስ አስፋውና ጓደኞቹ ያቋቋሙት ድርጅት ከተጣለ ፕላስቲክ የግድግዳ ብሎክ መስራት ጀምሯል፣ ጥሩ ነው፣ ግን እሷ ጋሪ ላይ ያለው ፌስታል እዛ እስኪደርስ ስንት እጅ አለ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ሃይላንድና ካርቶን ለብቻ፣ የሚበሰብሰው ለብቻ አደረግን። የሚበሰብሰውን ደግሞ እኔ ኮምፖስት ላደርገው ተነሳሁ፣ ይሄ የኔ ውርደት ነው እንግዲህ። የከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ እሱን ካስቀረሁ ግማሹን ስራ ሰራሁ ብዬ በርሜል በስቼ ግቢ ጥግ አስቀመጥኩ። ልጣጩን፣ የጎመን ግንዱን፣ የቡና አተላውን፣ ሁሉን ወረወርኩበት። በሁለተኛው ሳምንት ሽታው ጎረቤት ደረሰ፣ ዝንቡ ቤት ገባ፣ እናቴ "ይሄ ነው ያስተማሩህ?" አለችኝ። ለካ እርጥቡን ብቻ ሳይሆን ደረቅ ነገር ሁለት ሶስት እጥፍ መቀላቀል ነበረብኝ፣ ቅጠል፣ ሰጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ካለዛ አየር አያገኝም ይሸታል። የደረቀ ቄጠማ ነው ያዳነኝ፣ ከበዓል በኋላ ከየቤቱ እየተጠረገ የሚጣለውን ለመንኩ፣ ሰው አበደ እንዴ እያለ ሰጠኝ። አሁን አይሸትም። በጣም ጥሩ ነው አልልም ግን አይሸትም፣ እናቴ ጤና አዳሟን ተከለችበት።

ጋሽ ዳኛን አንድ ቀን ለምንድነው እንደዚህ የያዘዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆሼ አሉኝ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ተራራ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ሶስት ቀን የሐዘን ቀን ታውጆ ነበር፣ ሁላችንም እናስታውሳለን። እሳቸው ግን ዘመድ ስለነበራቸው ሄደው ቆመው ነበር፣ አፈሩ ሲቆፈር ማየታቸውን ነገሩኝ። "አፈር አይደለም" አሉ፣ "ፌስታል ነው፣ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ፣ ማሽኑ ሲስበው ይለጠጣል።" ከዛ ወሬ ቀየሩ። ቀጥሎ በነሐሴ 2010 እዛው ጎን የቆሻሻ ኃይል ማመንጫው ተመረቀ፣ እኔም የዛኔ አሁን ተገላገልን ብዬ ነበር። ግን ካፓኖሪዎቹ ያሉት ነገር እዚህም ይሰራል፣ እርጥብ ቆሻሻ በደንብ አይነድም፣ በደንብ የሚነደው ደግሞ ፕላስቲኩና ወረቀቱ ነው፣ ማለትም የጋሪዋ ልጅ የምትሸጠው። ማቃጠያ ሁሌ የሚበላ ይፈልጋል። ተራራው ላይ እየለቀሙ የሚኖሩትን ሰዎች የዛን ሰሞን ነው ያወራንላቸው፣ ከዛ በኋላ ስብሰባ ላይ ስለ ዜሮ ዌስት ሲወራ ከነሱ አንድ ሰው ወንበር ተሰጥቶት አላየሁም፣ ቢያንስ እኔ በነበርኩበት።

ከመስከረም በኋላ የመጀመሪያው ለቅሶ መጣ። ፈርተን ነበር። በርሜሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ፣ ሶስት ሳፋ ከኋላ ተደረደረ፣ አንዱ በኦሞ፣ ሁለተኛው ማለቅለቂያ፣ ሶስተኛው ውሃ አጋር ያለበት። ጋሽ ዳኛ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበው አንደኛው ሳፋ ላይ ተቀመጡ፣ ሽማግሌ ሲያጥብ ዝም ብሎ የሚያይ ጎልማሳ የለም፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ ተራ ልውሰድ የሚል በዛ። እኔ ሶስተኛው ሳፋ ላይ ነበርኩ፣ ብርጭቆ ሳወጣ ቂጡ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ጣቴን ታክከኛለች፣ ማታ ላይ ጣቶቼ ተጨማደው የሌላ ሰው መሰሉኝ። ሁለት ሶስት ሰው ፓክ ይዞ መጣ፣ ሳናስቀይማቸው ተቀብለን ለሟች ቤተሰብ ጓዳ አስገባነው። አንዱ ግን ብርጭቆ ሲቀርብለት አገላብጦ አይቶ "የለም ይቅርብኝ" አለ። አስተናጋጁ ልጅ ተናደደ። ጋሽ ዳኛ ተዉት አሉ፣ ሲጠማው ይጠጣል። እውነትም ከሰዓት ላይ ሁለቴ አስቀዳ።

በሰልስቱ ማታ ማዳበሪያው ሃያ ሃይላንድ እንኳ አልያዘም። ችግሩ ሌላ ነው የሆነው፣ ብርጭቆ ተቆጠረ 238። እንደገና ተቆጠረ፣ 238። የተሰበረ የለም፣ ስብርባሪ ቢኖር ይታያል። ሃይላንድ ሲጠፋ የሚፈልገው የለም፣ ብርጭቆ ሲጠፋ ግን ዕድር ቤት ለቤት ይዞራል።

ጋሽ ዳኛ በማግስቱ መዝገባቸውን ብብታቸው ስር ይዘው እኛ ቤት መጡ። እናቴ ቁጭ በሉ አለች፣ አይ እቸኩላለሁ አሉ፣ ቡና አፈላች፣ ተቀመጡ። የደም ግፊት ኪኒናቸው ሰዓት ደርሶ ነበርና ውሃ አስመጪልኝ አሏት፣ እናቴ ከጓዳ በብርጭቆ ይዛ መጣች። ኪኒናቸውን ዋጡ፣ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጡ፣ ከዛ ብርጭቆውን ደፍተው ቂጡን አዩት።

እናቴ "ውይ" አለች። "ይሄማ... ይሄማ የዱሮ ነው መሰለኝ ጋሽ ዳኛ፣ ከሰርግ የመጣ ነው፣ የኛ ልጅ ሲያጥብ ነው እኮ..." እያለች ወደኔ ዞረች። እሳቸው አንድም አልተናገሩ፣ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡ ላይ ስሜን ፈልገው ከጎኑ 50 ብር ብለው ጻፉ።

ከፍያለሁ። 239 ደርሷል፣ አንዱ እስካሁን አልተገኘም።